የደብሪቱ አልጋና አያ ውሮ

እንዲህ ያለ አገር የለም ብሎ የሚምል ካለ ይማል፤ እጁን አልይዘውም። ከመማሉ በፊት ግን ዞር ብሎ የገዛ አልጋውን ይመልከት። ማን እንደተኛበት አይቶ ሲመለስ እንነጋገራለን።

አገሩ በሁለት ወንዞች መካከል ያለ፣ የዘሩበትን የማይነፍግ ለም አገር ነበር። ስም አልነበረውም፤ ሰዎቹ «እኛ ዘንድ» ብቻ ይሉታል። ሕግም አይበዛበትም። አንዲት ሕግ ነበረችው፣ እሷም ለሁሉም በቃች፦ ከፍ ብሎ የተቀመጠን በእጅ ማውረድ ክልክል ነው፤ የወጣ በፈቃዱ ይውረድ። ልጅ ዛፍ ላይ ቢወጣ እናቱ ከሥር ቆማ ትለምነዋለች እንጂ እግሩን ይዛ አትጎትተውም። ፍየል ጣሪያ ላይ ብትወጣ «እባክዎ እሜቴ» ትባላለች። ከፍታ ላይ ያለ ሁሉ አንቱ ነው። መሬት ሲረግጥ አንተነቱ ይመለስለታል።

ከዚህች ሕግ ደግሞ ትናንሽ ሕጎች ተፈለፈሉ። በአንድ ቤት ከአንድ አልጋ በላይ አይፈቀድም፤ ሁለተኛ ያሠራ ሰው «ከማን በላይ ልትሆን አሰብክ?» ተብሎ ይጠየቃል። አልጋ ላይ የተወለደ ሕፃን የከፍታ ልጅ ነው፤ ሲያድግ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ በሸንጎ ቆሞ ይናገራል። ወለል ላይ የተወለደ ግን የወለል ልጅ ነው፤ ዕድሜ ልኩን መቀመጫው ከመሬት አይነሣም። መናገር ቢያምረው እዚያው ቁጭ ብሎ ያጉረመርማል። ቆመው የሚናገሩት ደግሞ ከላይ ሆነው ስለማይሰሙት «ሕዝቡ ተስማምቷል» ብለው ይበተናሉ።

ደብሪቱ የወለል ልጅ ነበረች። እናቷን ምጥ የያዛት ከገበያ ስትመለስ ጎመን ማሳ ውስጥ ነው፤ ጎመን ደግሞ ከፍታ አይደለም። ባሏ ጥላዬ የከፍታ ልጅ ነው፣ አናጢም ነው። ለሠርጋቸው የሠራው አልጋ በሰፈሩ ወደር አልተገኘለትም። እግሮቹ ከመርዘማቸው የተነሣ ጥላዬ ራሱ ዘሎ ነው የሚወጣው። «ለሚስቴ ሠራሁት» እያለ ደረቱን ይነፋል እንጂ ሚስቱ የወጣችበት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ልጇን አንጓችን ስትወልድ። ያን ቀን «ለምጥ ይፈቀዳል» አሏት። ልጅቱ እንደተወለደች ደግሞ «በይ በፈቃድሽ ውረጂ» አሏት፣ በፈቃዷ ወረደች። በፈቃዳቸው የሚወርዱት ሁልጊዜ እነማን እንደሆኑ እስቲ ልብ በሉልኝ።

ድመቶች ወደዚያ አገር የመጡት አይጥ በበረታበት ዘመን ነው። አይጥ ጎተራ ገለበጠ፣ የሠርግ ልብስ በላ፣ የተኛ ሰው ጆሮ ቀመሰ። ያኔ ከወንዝ ማዶ ድመት በቅርጫት በቅርጫት ተጭኖ መጣና ለየቤቱ ታደለ። መቼም ሐሰት መናገር አልወድም፣ ሠርተዋል። አይጡን ጠራርገው ጨረሱት። ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። «አይጥ አጥርቶ የሚታየው ከላይ ሲሆን ነው» ተባለና በመጀመሪያ ጓዳ ውስጥ ቆጡ ላይ ወጡ። ከቆጡ ወደ ዱቄት ጎታው ክዳን፣ ከክዳኑ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ አልጋው። አልጋው ሞቅ ሲላቸው ተጠቅልለው እዚያው ቀሩ። አልጋ ላይ የወጣን ማን በእጁ ያወርዳል?

«አይጡ ካለቀ ለምን አይወርዱም?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር። በማግስቱ አንዲት አይጥ በገበያ መሃል ስትሮጥ ታየች ተብሎ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በተነሣ ቁጥር አንዲት አይጥ ትታያለች። ያቺው አይጥ ናት፣ እግሯ ላይ የታሰረባት ክር እንኳ አልተፈታላትም የሚሉ አሉ። እኔ አላየሁም።

ለደብሪቱ ቤት የደረሰው ድመት ውሮ ይባላል። ወለል ላይ ሳለ ውሮ ነበር፤ አልጋው ላይ ሲወጣ አያ ውሮ ሆኑ። ግራጫ፣ ጉንጫቸው ሙሉ፣ ሲተኙ ሆዳቸው ከአልጋው ጠርዝ አልፎ የሚንጠለጠል ድመት ናቸው። በየማለዳው ደብሪቱ ወተታቸውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በጣቷ ጫፍ ቆማ፣ «ይጠጡ» ትላለች። ጥላዬ አልጋውን ለቆ ወለል ላይ መተኛት ከጀመረ ሰንብቷል። ሰው ሲጠይቀው «ወለል ለወገብ ጥሩ ነው» ይላል።

«ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስተኛበት ምነው አልቀናህብኝ?» ትለዋለች ደብሪቱ። ጥላዬ ያኔ መዶሻውን ይፈልጋል፤ መዶሻው እጁ ላይ ነው።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ ቢቀጥል ይቀጥል ነበር። ሰው ምን የማይለምደው አለ! ግን አንጓች የበኩር ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት መጣች። በዚያ አገርም በኩር የሚወለደው እናት ቤት ነው፤ ሌላ ቤት መውለድ የእናትን ደጅ እንደመዝጋት ይቆጠራል። ሆዷ ከመግፋቱ የተነሣ በሩን ቀድሟት ገባ። እቃዋን አስቀመጠችና ቀና ብላ አልጋውን አየች።

«እማዬ፣ እኔ የት ልወልድ ነው?»

ደብሪቱም ቀና ብላ አየች። አያ ውሮ አንድ ዓይናቸውን ከፍተው አንጓችን ከላይ እስከ ታች ለኩና መልሰው ጨፈኑት። ያኔ ደብሪቱን ሆድ ባሳት። ለራሷ ለምዳዋለች። በሠርግ ቤት ከበሩ ሥር መቀመጡን፣ ሸንጎ ላይ የሰው ጉልበት እያዩ መዋሉን፣ ሁሉን ለምዳዋለች። ይህ ያልተወለደ ልጅ ግን ምን በደለ? እሷ የበላችውን መሬት እሱም ይብላ? «ሞቼ ነው ቆሜ!» አለች። ቆሞ መናገር እንደማይፈቀድላት ያስታወሰችው ከተናገረችው በኋላ ነው።

አገሩ ለዚህ ጉዳይ ሹም ነበረው፤ የውረዱልን አዛዥ ይባላል። በዘመኑ ሹመቱ ላይ የነበሩት አዛዥ ደግፌ ናቸው። እዚያ አገር ሹመት በጨመረ ቁጥር ጥምጥም ይወፍራል፤ የአዛዥ ደግፌ ጥምጥም ደግሞ ከአንገታቸው በላይ ሌላ ሰው የተቀመጠ ያስመስላል። ሥራቸው ከፍ ብለው የተቀመጡት በፈቃዳቸው እንዲወርዱ ዘዴ መሻት ነው። ከተሾሙ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም አላወረዱም፤ ዘዴ ግን በየጊዜው ያወጣሉ፣ ለዚህም ተሸልመዋል።

ደብሪቱ ሄዳ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። «ጌታዬ፣ ልጄ መውለጃዋ ደርሷል። አልጋው ደግሞ ተይዟል።»

«ተይዟል አይባልም» አሉ አዛዥ ደግፌ። «ተከብሯል ይባላል።»

«እሺ፣ ተከብሮብናል። ምን ይሻለኛል?»

«በእጅ ሳይነኩ፣ በቃል ሳያስቀይሙ፣ ቦታውን ብቻ ትንሽ እንዲያስጠላቸው ማድረግ ነው። የቤት ውስጥ ዘዴ ነው፣ ቀላል። ድመት የሎሚ ሽታ አይወድም። ልጣጩን አልጋው ላይ በትኚ።»

ደብሪቱ እየሮጠች ተመለሰች። ጎረቤት ሁሉ ያለውን ሎሚ ላጠ። ልጣጩ በአልጋው ዙሪያ ተነሰነሰ። አያ ውሮ አንድ ጊዜ አነጠሱ፣ ልጣጩን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና ሥር የተኛው ጥላዬ ፊት ላይ አራገፉት። የቀረውን ተንተርሰው ተኙ። በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ሰው ጉንፋን ይዞት ሎሚ ቢፈልግ አጣ። ጉንፋን ያልያዛቸው አያ ውሮ ብቻ ናቸው።

ደብሪቱ ተመልሳ ሄደች። «አልወረዱም፣ ጌታዬ።»

«ሎሚው ለስላሳ ሆኖ ነው። ኮምጣጤ ይሁን። ጨርቅ ነክራችሁ በአልጋው እግሮች ላይ ጠምጥሙ።»

ጠመጠሙ። ቤቱ በኮምጣጤ ሽታ ታጠነ። አንጓች ያቅለሸልሻት ጀመርና ወጣች፤ ጥላዬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተከተላት፤ ደብሪቱ የምጣድ ማሰሻዋን እንኳ ሳትይዝ በመጨረሻ ወጣች። ሦስቱም በረንዳ ላይ ሰነበቱ። አያ ውሮ ቤቱን ለብቻቸው ያዙት። አዛዥ ደግፌ አፍንጫቸውን ይዘው ሊጎበኙ መጥተው ወደ ውስጥ አዩና «ውጤቱ ደስ ይላል» አሉ። «ቤቱ እንዴት ያለ ጸጥታ አግኝቷል!»

«እኛ ነን እኮ የወጣነው!» አለች ደብሪቱ።

«አየሽ፣ ዘዴው ይሠራል ማለት ነው። የቀረው መጠኑን ማስተካከል ነው።»

ሽታው ለቀቅ ብሎ ወደ ቤት ሲመለሱ ቀጥሎ የመጣው ሙጫ ነው። ድመት መዳፉ ሲጣበቅ ይጸየፋል ተባለና የአልጋው ጠርዝ በሙሉ የግራር ሙጫ ተቀባ። አያ ውሮ ሙጫውን አሸተቱና ከዚያ ወዲያ ወደ ጠርዙ አልቀርብ አሉ፤ መሃሉን ያዙ። ጥላዬ ግን ረሳው። ደክሞት ከሥራ ሲመለስ እንደ ድሮው ዘሎ ጠርዙ ላይ ቁጭ አለ። ሊነሣ ሲል ሱሪው እምቢ አለው።

«ደብሪቱ! ጎትቺኝ!»

ደብሪቱ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። «እንዴት አድርጌ? አልጋ ላይ ነዎት እኮ፣ አቶ ጥላዬ! በፈቃድዎ ይውረዱ እንጂ!» አለችው። አንጓች ሳቋ ፈንቅሏት ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ግድግዳውን ተጠጋች። ጥላዬ እስከ እራት ተለመነ፣ እስከ እራት አንቱ ተባለ። በኋላ በፈቃዱ ወረደ። ሱሪው ግን አልወረደም። እስከ መጨረሻው ድረስ እዚያው አልጋው ላይ ነበር፣ ማንም አንቱ እያለው።

ከዚያ ደግሞ ቆርቆሮ። ጠጠር የተሞሉ ባዶ ቆርቆሮዎች በአልጋው ጠርዝ ተደረደሩ። ድመት ሲንቀሳቀስ ቆርቆሮው ይወድቃል፣ ድምፁ ያስደነግጠዋል፣ ደንግጦ ይወርዳል፤ አዛዥ ደግፌ እንዲህ ብለው በሸንጎ ሲያስረዱ ጭብጨባ ተሰማ። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ሲወድቅ እውነትም አያ ውሮ ደነገጡ። ደብሪቱም ደንግጣ ወተቱን ይዛ ሮጠች። አያ ውሮ ወተቱን አዩ፣ ቆርቆሮውን አዩ፣ ነገሩ ገባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲርባቸው በመዳፋቸው አንድ ቆርቆሮ ገፋ ያደርጋሉ። ዘግየት ያለች እንደሆነ ሁለተኛውን።

አንድ ጠዋት ደብሪቱ አንጀቷ አርሮ ወተት ሳትሰጥ ቀረች። አያ ውሮ ቆርቆሮውን ሁሉ አንድ በአንድ አወረዱት። ጩኸቱ ሸንጎ ድረስ ተሰማና አዛዥ ደግፌ አዋጅ ነጋሪያቸውን አስከትለው ደረሱ።

«አንቺ ሴት፣ ከፍታ ላይ ያለን ማስራብ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

«ረሳሁ፣ ጌታዬ።»

«ሁለተኛ ይህ ቆርቆሮ በወተት ምክንያት ሲጮኽ ከሰማሁ፣ የልጅሽ ልጅ ጣሪያ ላይ ቢወለድ እንኳ የወለል ልጅ ነው ብዬ አሳውጃለሁ።»

ደብሪቱ ወተቱን አመጣች። በጣቷ ጫፍ ቆማ «ይጠጡ» አለች። «ይቅር ይበሉኝ» ብላም ጨመረች። ሴት በገዛ ቤቷ፣ ባሏ በእጁ በሠራው አልጋ ሥር፣ ድመትን እንዲህ ስትለማመጥ ማየት ያሳዝናል። አያ ውሮ ግን አላዘኑም፤ ወተቱ ትንሽ ቀዝቅዞባቸው ፊታቸውን አኮሳተሩ።

ምጡ የመጣው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ጥሩ አድርጋ በወጣችበት ቀን ነው። አንጓች ወገቧን ይዛ ተንበረከከች። የሰፈሩ አዋላጅ እትዬ ጌጤ እጃቸውን እየታጠቡ ገቡና ቀና ብለው አልጋውን አዩ።

«እስካሁን አልወረዱም?»

«አልወረዱም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ወለሉ ላይ ጨርቅ አንጥፊ።»

«አላነጥፍም!» አለች ደብሪቱ።

«እማዬ!» ጮኸች አንጓች፣ «ያንን ድመት አውርጂልኝ!»

«ዝም በይ ልጄ፣ ይሰማሉ! አንቱ በዪ!»

«እርስዎ ድመት! ይውረዱልኝ፣ አለዚያ...» ምጡ ቀሪውን ዋጠው።

አያ ውሮ ጀርባቸውን ሰጧት።

ደብሪቱ ዙሪያውን ተመለከተች። ሎሚው ደርቋል፣ ኮምጣጤው ተኗል፣ ሙጫው ላይ የባሏ ሱሪ ተለጥፏል፣ ቆርቆሮው ተደርድሯል። ያን ሁሉ ዘዴ የተሸከመው አልጋው ነው፣ አያ ውሮን ያስቀየመ አንድም የለም። ከዚያ ዓይኗ ወደ እግሮቹ ወረደ። የአልጋውን እግሮች ከሁሉም በላይ የምታውቃቸው እሷ ናት፤ ስትተኛ የሚታዩዋት እነሱ ናቸው።

«ጥላዬ፣ መጋዝህ የት ነው?»

«ምን ልታደርጊ?»

«ሕጉ የተቀመጠውን በእጅ አታውርዱ ነው ያለው። አልጋውን አታውርዱ አላለም።»

ጥላዬ ገባው። ገብቶት ፊቱ አመድ መሰለ። «የእጄን ሥራ? ለአንቺ ብዬ የሠራሁትን አልጋ?»

«ለእኔ ከሆነ የሠራኸው፣ እኔ ልድረስበት!» ብላ ጮኸችበት። ተጋብተው እንዲያ ጮኻበት አታውቅም። «ከምጥ ቀን በቀር ቁጭ ያላልኩበትን አልጋ ለእኔ ነው አትበለኝ! ቁረጥልኝ፣ ጥላዬ! ልጄ እየሞተችብኝ ነው!»

ጥላዬ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ ወጥቶ መጋዙን አመጣና ተንበረከከ።

የመጀመሪያው እግር ሲቆረጥ አልጋው በአንድ ጥግ ዘመም አለ፤ አያ ውሮ እንደተኙ ወደ ራስጌ ተንሸራተቱ። ሁለተኛው ሲቆረጥ ወደ ግርጌ ተንሸራተቱ። በሦስተኛው መሃል ላይ አንድ ጊዜ ዞሩ፤ ዓይናቸውን ግን አልገለጡም። መሬት ቢከፈት እንኳ ለእኛ ካልሆነ ለማን ነው ብለው የሚያስቡ ናቸው መቼም። አራተኛው ሲቆረጥ አልጋው ድው ብሎ ወለሉ ላይ አረፈና ቆርቆሮው በሙሉ በአንድ ጊዜ ተንኮታኮተ።

አዛዥ ደግፌ ከሸንጎ ሲመለሱ በደጁ እያለፉ ነበር። ጩኸቱን ሲሰሙ ዝቅ ባለው በር ጎንበስ ብለው ገቡ። አዋጅ ነጋሪው ከበሩ ውጭ ቆሞ አንገቱን አስገባ። ይህ ሰው የአዛዡን ሹመት ሲመኝ የኖረ ስለሆነ ዓይኑም ጆሮውም ከእሳቸው ላይ አይነቀልም።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ አዛዥ ደግፌ።

«አልጋ ነው፣ ጌታዬ» አለች ደብሪቱ። «በእጃችን ማንንም አልነካንም። አሁን ድመቱ ከመሬት እኩል ነው፤ አንስቼ ላስወጣው ነው።»

አዛዥ ደግፌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ፣ ፊታቸውም በራ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ነው ሹመታቸው የሚጣፍጣቸው። «ቆይ፣ ቆይ። ይህ ነገር ከፍታ ነው ትያለሽ ወይስ ወለል? ከፍታ ነው ካልሽ አያ ውሮን መንካት አትችይም። ወለል ነው ካልሽ ደግሞ የሚወለደው የወለል ልጅ ነው። ምረጪ።»

ደብሪቱ አንዴ ድመቱን፣ አንዴ ልጇን አየች። እትዬ ጌጤ እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ። ጥላዬ መጋዙን ይዞ የተቆረጡትን እግሮች ያያል። እናንተዬ፣ ያን ጊዜ የደብሪቱ ልብ እንዴት እንደቀዘቀዘ! የባሏን ሥራ አስቆርጣ፣ የቤቷን ንብረት አበላሽታ፣ ይኸው ተመልሳ ጎመን ማሳዋ ውስጥ ገባች። እንባዋ ወረደ። አንጓች ደግሞ ወለሉን በጥፍሯ እየቧጠጠች ቤቱን የሚሰነጥቅ ጩኸት ጮኸች።

በዚህ ጩኸት አያ ውሮ ነቁ። ቀና አሉ። ወደ ግራ ቢያዩ የደብሪቱ ጉልበት ከላያቸው ነው። ወደ ቀኝ ቢያዩ የእትዬ ጌጤ ወገብ ከላያቸው ነው። ሰው ሁሉ በላይ ሆኗል! እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም። ጭራቸው ተነፋ። ቤቱን በዓይናቸው አዳረሱና ከሁሉ ከፍ ያለውን፣ ከሁሉ የተመቸውን፣ ክብ ሆኖ የተጠመጠመውን ነገር አገኙ። አንዴ በአዛዡ ጉልበት፣ አንዴ በትከሻቸው፣ ከዚያ ጥምጥሙ ላይ ናቸው። ዞር ዞር ብለው ቦታውን አመቻቹና ተጠቅልለው ተኙ።

አዛዡ እጃቸውን ወደ ጥምጥማቸው አነሡና መልሰው አወረዱት።

«አውርዱልኝ!» አሉ አዛዥ ደግፌ።

«በእጅ?» አለች ደብሪቱ።

አዋጅ ነጋሪው አንገቱን ጠለቅ አድርጎ አስገባ። «ጌታዬ፣ በእጅ ነው ያሉት? አልሰማሁም።»

«የለም፣ የለም... በፈቃዳቸው ማለቴ ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ ጥሩ» አለ አዋጅ ነጋሪው፣ ቅር እያለው።

እትዬ ጌጤ ይህን ሁሉ አልጠበቁም። «አልጋው ተለቋል፣ ነይ እናቴ!» ብለው አንጓችን በብብቷ ያዙ። መውጣት እንኳ አላስፈለጋትም፣ ተንከባለለችበት። ደብሪቱ ጋቢ አምጥታ መጋረጃ አደረገች። «ጌታዬ፣ ይውጡልን እንጂ፣ ሴት ልትወልድ ነው!»

አዛዥ ደግፌ ወደ በሩ ሄዱ። በሩ ዝቅ ያለ ነው። ሊያጎነብሱ ሲሉ አያ ውሮ መንሸራተት ጀመሩና ጥፍራቸውን ግንባራቸው ላይ ተከሉ። «ማጎንበስ...» አሉ አዛዡ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ «ማጎንበስ ማውረድ ነው?»

«ይመስለኛል፣ ጌታዬ» አለ አዋጅ ነጋሪው። «የራስ እንቅስቃሴ የእጅ ወንድም ነው ብለው እርስዎ ነዎት አምና የፈረዱት።»

ምን ይደረግ! አዛዥ ደግፌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው፣ አንገታቸውን አቅንተው፣ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው ቆሙ። ከኋላቸው አንጓች ታምጣለች፣ እትዬ ጌጤ «ግፊ፣ ግፊ፣ ጎበዝ!» ይላሉ፣ ደብሪቱ ማርያም ማርያም ትላለች። ከደጅ ደግሞ ወሬው የደረሰው ጎረቤት እየተሰበሰበ ነው። አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ጌታዬ፣ ሎሚ ላምጣልዎ?» አላቸው፣ ከልቡ አዝኖ። ሌላዋ «ሎሚው ለስላሳ ነው፣ ኮምጣጤ ይሻላል» አለች። አያ ውሮ አንኮራፉ።

ከዚያ ሕፃኑ አለቀሰ። ጉሮሮው የሚሰማ፣ ምንም የማይፈራ ለቅሶ ነበር። ደብሪቱ እልል አለች፤ ጎረቤቱም ከደጅ ተቀበላት።

ጥላዬ እንባውን በእጅጌው ጠረገና ዶማ ይዞ ወደ በሩ መጣ። «ጌታዬ፣ እንዳያጎነብሱ ከበሩ ሥር ልቆፍርልዎና ቀጥ ብለው ይውጡ። ግን አስቀድመው ቃልዎን ይስጡኝ። ልጁ የምን ልጅ ነው?»

ጥላዬ በሹም ፊት እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። ራሱንም ገረመው መሰለኝ፣ ዶማውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«አልጋው እግር የለውም!» አሉ አዛዥ ደግፌ።

«አይተውታል?»

«ስገባ አይቼዋለሁ!»

«ሲገቡማ ጎንበስ ብለው ነበር፤ አሁን ቀና ብለዋል» አለች ደብሪቱ ከመጋረጃው ወዲያ። «አሁን ካሉበት ሆነው ይዩና ይፍረዱ።»

አዛዡ አገጫቸውን ትንሽ ዝቅ አደረጉ። ጥፍሩ ጠለቀ። አገጫቸውን መለሱ። ካሉበት የሚታያቸው የጣሪያው ጥላሸት ብቻ ነው። ጥላዬ ዶማውን ተደግፎ ይጠብቃል፤ አዋጅ ነጋሪውም ይጠብቃል፤ ጎረቤቱም ይጠብቃል።

«ከፍታ ነው!» ብለው ጮኹ በመጨረሻ። «የከፍታ ልጅ! የከፍታ! በል ቆፍር!»

አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ተቀብሎ ወደ መንደሩ አሰማ። ጥላዬ መቆፈር ጀመረ። አንድ ጎረቤት ጠጋ ብሎ በለሆሳስ «ጥላዬ፣ መጋዝህን ለዛሬ ብቻ ታውሰኛለህ?» አለው። ሌላው «ከእሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ» አለ። ሦስተኛው ዝም ብሎ ተሰለፈ፤ ከኋላውም ሰልፉ አጥሩን አልፎ ነበር።

«አዋጁ አልተሟላም እኮ» አለ አዋጅ ነጋሪው ተመልሶ። «ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ ነው ሴት?» ብለው አስተጋቡ አዛዥ ደግፌ፣ ጣሪያውን እያዩ።

ደብሪቱ የልጅ ልጇን አልጋው ላይ አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ፊቷን ከሕፃኑ ላይ ሳታነሣ መለሰችላቸው።

«ዝቅ ብለው ይዩ፣ ጌታዬ!»